ያለ እርድ አይሆንም

ጡረታ ስወጣ የሸለሙኝ በግ ነው። አንገቱ ላይ ቀይ ሪባን አስረው፣ ሁለት አስተናጋጆች እየጎተቱ ወደ አዳራሹ ሲያስገቡት ሰው በሳቅ ፈረሰ። ከፊሉ እንባውን ይጠርጋል፣ ከፊሉ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል። የሆቴሉ ባለቤት አቶ ተካልኝ ማይክራፎኑን ጨብጦ «ብርቄ ያለ እርድ አይሆንላትም፤ በስንብቷ ቀን እንዴት ብለን እንርሳባት» አለና ሳቁን አባሰው።

እኔም ቆሜ ፈገግ አልኩ። ምን ላድርግ? ዕድሜውን ሙሉ ወጥ ቤት የኖረ ሰው በገዛ መሸኛው ላይ ተቆጥቶ ቢወጣ «ጢሱ አናቷ ላይ ወጥቶባት ነው» ይባላል። በጉን ለጎረቤቴ ለወይዘሮ ዘሃራ ሰጠኋት፤ ልጇን ልትድር ደርሳ ነበርና ደስ አላት። ንዴቱን ግን የሚወስድልኝ ሰው አልተገኘም፤ ስለዚህ ወረቀት ላይ ላራግፈው ተቀመጥኩ።

ሚዛን ከተማ ውስጥ ወጥ ቤት ረግጦ የሚያውቅ ሁሉ ቀልዱን ያውቀዋል። «ህንዶቹ ሥጋ አይነኩም፤ ብርቄ ግን በበዓላቸው ቀን በግ አሳረደችላቸው» ነው የሚባለው። እኔ በግ አላሳረድኩም። በግ የሚል ቃልም ከአፌ አልወጣም። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል፤ እንግዲህ የእኔ ስም ከመቃብር በላይ ከበግ ጋር ታስሮ ሊውል ነው። እኔ ግን እምቢ ብያለሁ። ደግሞም ተካልኝን ፊት ለፊት እስከ ዛሬ «እርስዎ» ነው የምለው፤ እዚህ ግን አንቱታውን ነሥቼዋለሁ። ማጥፋቴን አለማጥፋቴን ያነበበ ሰው ይፍረድ።

የተወለድኩት ጌጫ ነው። መጀመሪያ የተቀጠርኩት ደግሞ ማሻ፣ እትዬ ሙሉነሽ የሚባሉ ሴት ምግብ ቤት። እትዬ ሙሉነሽ ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ግን ለእሳቸው ምግብ ማለት ሽንኩርት ነው። «ሽንኩርቱ ሽንኩርትነቱን እስኪረሳ አቁላይው» ይሉኝ ነበር። አቁላላለሁ፣ ውሃ ጠብ አደርጋለሁ፣ እንደገና አቁላላለሁ። አትክልትም ከሆነ ጎመኑና ካሮቱ ተቃቅፈው እስኪተኙ ድረስ መቀቀል ነው። ለወጥ ጥሩ ትምህርት ነበር። እጄ ግን ሌላ ነገር መማር ሲኖርበት ያንን ለማስረሳት ስንት መከራ ታየ።

ከማሻ ወደ ሚዛን ወረድኩ። ተካልኝ ያን ጊዜ በቡና ንግድ ላይ ሆቴል ጨምሮ የከፈተ ሰው ነበር፤ ሳምንቱን ግማሹን ቴፒ፣ ግማሹን ሚዛን ነው። የደሞዙን ነገር አላነሣም፤ እንደ ሁሉም ሰው ደሞዝ ነበር። ወጥ ቤቱ ግን ሰፊና ብርሃን ያለው ነበር፣ ከኋላው ጓሮ አለው፣ ዘነበች የምትባል ጎበዝ የቤንች ልጅ አብራኝ ትሠራለች። ተካልኝ ራሱ ወጥ ቤት አይገባም። በሩ ላይ ቆሞ ድስት ይቆጥራል እንጂ ውስጡ ያለውን አያውቅም።

ከዚያ የህንድ መምህራን ወደ ከተማችን መጡ። ከሚዛን ጎን ባለችው አማን ቤት ተከራይተው ምሳቸውን እኛ ጋ መብላት ጀመሩ። እንጀራውን ወደዱት። ሽሮው ላይ ግን ቅቤ አለ፣ ጎመኑ ውስጥ ሥጋ አለ፤ ሰዎቹ እያሸተቱ ይመልሱታል። ተካልኝ ከጀርባቸው «የእነዚህ ሰዎች ጾም ማለቂያ የለውም እንዴ?» ይል ነበር። ይህችን ንግግሩን ያዙልኝ። ለእሱ ሥጋ የማይበላ ሰው ጾመኛ ነው፤ ጾመኛ ደግሞ አንድ ቀን ይፈታል። ከዚህ ውጭ ሥጋ የማይበላ ፍጡር በዓለም ላይ መኖሩን ቢነግሩትም አይገባውም።

አንድ ቀን የአንደኛው መምህር ባለቤት ወጥ ቤታችን ድረስ ገባች። ሳሮጃ ትባላለች። መምህራኑ ሁሉ ግን «አማ» ነው የሚሏት። መጀመሪያ ስሰማ ማን ማንን አማ ብዬ ጆሮዬን አቆምኩ፤ ለካ በቋንቋቸው እናት ማለት ነው። እኛ ቤት እናት «አንቺ» ነው የምትባለው፤ እኔም አንቺ አልኳት። አማ የድስቱን ክዳን ከፍታ ጥቅል ጎመኔን አየችና ሁለት መዳፏን ገጥማ ጉንጯ ሥር አደረገች። ተኝቷል ማለቷ መስሎኝ ነበር። በኋላ አማርኛ ስትችል ጠይቄያት «ሞቷል» ማለቷ እንደነበረ ነገረችኝ።

በዚያን ዕለት ተናድጄባት ነበር። እሷ ግን አምባሮቿን አንድ በአንድ አውልቃ ከጨው ዕቃው አጠገብ ደረደረች፣ ቢላ ጠየቀች፣ ሌላ ጥቅል ጎመን አነሣች።

እኛ ጎመን የምንከትፈው እንደመጣልን ነው፤ መጨረሻው መሟሟት ስለሆነ ማን ያየዋል? አማ ግን ክር እስኪመስል ታቀጥነዋለች። ሁሉም እኩል ካልሆነ አንዱ ሲበስል ሌላው ጥሬ ይቀራል። ኮኮናቱን ከአዲስ አበባ በአውቶብስ ነበር የሚያስመጡት። ጆሮዋ ላይ አድርጋ ትነቀንቀዋለች፤ ውስጡ ውሃ ካልተንቦጫቦጨ ተበላሽቷል። ደህናውን በግራ እጇ ይዛ በገጀራ ጀርባ ወገቡን ዙሪያውን ትመታዋለች፣ ለሁለት እኩል ይከፈላል። እኔ ስሞክረው ግማሹ ጓሮ ድረስ ሄደ። መፋቂያው ዝቅ ያለ ዱካ ላይ የተተከለ ጥርሳም ብረት ነው፤ የእሷ ሲሰበርባት አማን ያለ ብየዳ ቤት ከመኪና ሞላ ሌላ ሠራላት። የሚፋቀው ነጩ ብቻ ነው። ቡናማው ከገባ ይመራል፣ አማም ፊቷን ታጠቁራለች።

የተፋቀውን ከቃሪያ፣ ከትንሽ ከሙንና ከአንድ ፍንካች ነጭ ሽንኩርት ጋር ሙቀጫ ውስጥ ትከካዋለች እንጂ አታልመውም። እርዱ የሚገባው እዚህ ላይ ነው። እርድ ስል ያን ቢጫ ሥር ማለቴ ነው፤ ቴፒ በየጓሮው የሚተከለውን፣ ልብስ ላይ ከነካ የማይለቀውን። አማ ደረቁን ዱቄት አትወድም ነበር። «እርጥብ» ትላለች። እርጥቡ ሲገኝ ልጣ ትወቅጠዋለች፣ የኮኮናቱ ሽታ ራሱ ይለወጣል።

ከሁሉ ያስገረመኝ ግን አማ ስታበስል አለመቅመሷ ነው። እኛ ጭልፋውን መዳፋችን ላይ ጠብ ሳናደርግ ጨው መብቃቱን በምን እናውቃለን? እሷ ግን ምግብ አስቀድሞ ለአምላክ ይቀርባል፣ ሳይቀርብ የቀመሰ አፉን አስቀደመ ባይ ናት። ስለዚህ የምታበስለው በጆሮዋና በአፍንጫዋ ነው። የጋለ ዘይት ላይ ሰናፍጩን ትበትንና ክዳኑን ግጥም ታደርጋለች። ይንጣጣል። ጆሮዋን ወደ ክዳኑ አዘንብላ ትጠብቃለች፤ እኛም ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። መንጣጣቱ ሳሳ ሲል አንድ ቁንጥር የጉራፈርዳ ሩዝ፣ ሁለት ዛላ በርበሬ፣ የካሪ ቅጠል ትጨምራለች። የቅጠሉን ችግኝ ከቴፒ አስመጥታ ጓሯችን ተክላው ነበር፤ እንደ አረም ያዘልን።

ከዚያ ጎመኑ፣ ጨው፣ ክዳን፣ ለዘብ ያለ እሳት። ውሃ የለም። እጄ የሚከዳኝ እዚህ ጋ ነው። ማሻ የተማረ እጅ፣ ሳላዘው ወደ ውሃ ጆጉ ይሄዳል። አማ አንጓዬን ጨብጣ «ውሃ የለም» ትለኛለች። ጎመኑ በራሱ ላብ ነው የሚበስለው። መጨረሻ ላይ መሐሉን ከፈት አድርጋ የኮኮናቱን ድብልቅ ትቀብርበታለች፣ ጎመኑን መልሳ ታለብሰዋለች፣ ትከድናለች። ትንሽ ቆይታ ትገለብጠውና ታወጣዋለች። የበሰለ ነው፣ ግን ጥርስ ላይ ቀጭ ይላል። ቶረን ይባላል። በቀመስኩበት ቀን እስከዚያ ድረስ ያበሰልኩት ጎመን ሁሉ የተበደለ መሰለኝ።

ቶረንን እሷ አስተማረችኝ፣ አማርኛውን እኔ አስተማርኳት። የወጥ ቤት አማርኛ ነው እንግዲህ፤ ቁረጪ፣ ክደኚ፣ ተዪው፣ አውጪ። ዕቃውን እያነሣሁ ስሙን እነግራታለሁ፤ ጨው፣ ቃሪያ፣ እርድ። ከሴት ብቻ ስለተማረች ለወንዱም ለሴቱም የምትናገረው በሴት ነበር። ተካልኝ በሩ ላይ ሲቆም «ተካልኝ፣ ነይ። ቅመሺ» ትለዋለች። ዘነበች መሬት ላይ ቁጭ ብላ ትስቃለች፣ ተካልኝ ይቀላል። አንድም ቀን ቀልድ ነው ብሎ አላለፈላትም።

ደንበኛው መጀመሪያ «ይሄ ጥሬ ነው» እያለ መለሰው። በኋላ ረቡዕና ዓርብ ጾመኞች ፈልገው መምጣት ጀመሩ፣ ቀጥሎ የማይጾመውም መጣ። ከአማንም ከሚዛንም ሰው ለቶረን ብሎ ወረፋ ይጠብቅ ነበር። አማ ይህን አይታ አንድ ቀን ጎመን እየከተፍን «አማን ቤት። ምግብ ቤት። አንቺ፣ እኔ» አለችኝ። በረንዳውን፣ ሁለቱን ምድጃ፣ ጓሮ የሚተከለውን ቅጠል በእጇ እየሣለች አሳየችኝ። እኔ የራሴ ወጥ ቤት ይኖረኛል ብዬ አልሜ አላውቅም ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ሌላ ነገር ማሰብ አቃተኝ። ወሬውም ተካልኝ ጆሮ ገባ፤ ሚዛን ወሬ የሚደበቅባት ከተማ አይደለችም።

ያ በዓል የመጣው በዚህ መሐል ነው። የአገራቸው የመኸር በዓል ነው፤ ምግቡ በሙዝ ቅጠል ላይ ይቀርባል፣ ከቅጠሉ ጥግ እስከ ጥግ ዓይነቱ ብዙ ነው፣ ቶረን ከሌለ ግን በዓል አይባልም። መምህራኑ የከተማውን ትላልቅ ሰዎች ጋብዘው በእኛ ሆቴል ሊያከብሩት ተነጋገሩ። አማ ሩዙንና ሾርባውን ቤቷ ታበስላለች፣ ቶረኑን ለእኔ ለብቻዬ ሰጠችኝ። «ዛሬ እኔ አላይም። አንቺ» አለችኝ። ይህ ከተሳካ አማን እንደምንከፍት እኔም እሷም እናውቅ ነበር።

ዋዜማው ላይ ከሚዛን ሱቅ ያገኘሁት የእርድ ዱቄት ሽታ የሌለው ነገር ሆነብኝ። ተካልኝ ቴፒ ነበርና ደወልኩለት። የኔትወርኩ ነገር እንደምታውቁት ነው፤ ይመጣል ይሄዳል። የተናገርኩትን ቃል በቃል አስታውሳለሁ። «ጋሼ፣ ያለ እርድ እንዳይመጡ። የነገው በዓል ያለ እርድ አይሆንም። ከቴፒ ይሁን፣ እርጥቡን፣ ሱቅ ያለው ደረቁ አይረባም» አልኩት። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ እንደደረሰው እግዚአብሔር ይወቅ። «ገባኝ፣ ገባኝ፣ አሳምሬ ነው ይዤ የምመጣው» ብሎ ዘጋው።

እንግዲህ ሰውየው ለራሱ እንዲህ ብሎ አሰበ፦ ጾመኞቹ በዓላቸው ደረሰ፣ ነገ መፍቻቸው ነው፣ ሲፈቱ ደግሞ እርድ ያስፈልጋል፣ ብርቄም ያለ እርድ አይሆንም ብላለች። ለእኛ ሰው እንዲህ ማሰብ ምን ይገርማል? በፋሲካ ማን ነው ጎመን የሚያቀርበው? በመሳሳቱ እኔም አልፈርድበትም። እርድና እርድ ለጆሮ አንድ ናቸው። የምፈርድበት ከዚያ በኋላ ላደረገው ነው።

በበዓሉ ጠዋት እኔ ወጥ ቤቱ ውስጥ ኮኮናት እየፋቅኩ ነው። የሙዝ ቅጠሎቹን አጥቤ፣ አድርቄ፣ ፊት ለፊት በር አጠገብ ጥላ ሥር ጠረጴዛ ላይ ደርድሬአለሁ። ሰናፍጩ ተለቅሟል፣ ጎመኑ ተከትፏል፣ የቀረኝ እርድ ነው።

«ጋሼ እርዱን አመጡ?» አልኳት ዘነበችን።

«አዎ፣ ከነጋ መጡ። ውጭ ነው ያለ።»

«ታዲያ አስገቢልኝ እንጂ፣ ሰዓቱ ሄደ።»

«እየገፈፉት ነው።»

«እርድ ይላጣል እንጂ ይገፈፋል እንዴ?» ብዬ ሳቅሁባት። ዘነበች አማርኛዋ ሁለተኛ ቋንቋዋ ነው፤ ቃል አምታታች ብዬ ነው። እሷ ግን አልሳቀችም።

«እኔ እንጃ። አንዱን ብልት አውርደዋል» አለችኝ።

ኮኮናቱን ጥዬ ሮጥኩ። በጉ መግቢያው አጠገብ ካለው ማንጎ ዛፍ ላይ ተሰቅሏል። ሌላ ጊዜ ጓሮ ነበር የሚታረደው፤ ያን ቀን ግን ተካልኝ «እንግዳ ክብሩን ይይ» ብሎ ፊት ለፊት አሳርዶታል። ሥጋው የተዘረጋው በእኔ የሙዝ ቅጠሎች ላይ ነው። አንድ ንጹሕ አልቀረም። ተካልኝ እጁን ሰብስቦ ደስ ብሎት ቆሟል።

አማ በሩ ላይ ነበረች። ባለ መያዣውን ድስት በሁለት እጇ እንደያዘች፣ አዲስ ነጭ ልብስ ለብሳ፣ ከኋላዋ መምህራኑ ከነልጆቻቸው። ቅጠሎቹን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። አፌን ከፍቼ ምንም ቃል አልወጣልኝም። ከልጆቹ አንዷ ስታለቅስ አባቷ ዓይኗን ሸፈናት። አንድ በአንድ ዞረው ወጡ፤ አማም ወጣች። የተጋበዙት የከተማችን ሰዎች ግን ገብተው ተቀመጡ፣ ጥብሱንም በሉ፣ ቀልዱም እዚያው ተወለደ። ተካልኝ በየጠረጴዛው እየዞረ «እኔ ምን አውቃለሁ፣ ወጥ ቤቷ ናት ያለ እርድ አይሆንም ያለችኝ» ሲል ሰማሁት። የከተፍኩት ጎመን እስከ ማታ እንደተከተፈ ቆየ፤ በመጨረሻ ለከብት ተሰጠ።

በነጋታው አማን ሄጄ ለአማ ልነግራት ነጠላዬን ስይዝ ተካልኝ በር ላይ አገኘኝ። «ሄደሽ ራስሽን አታዋርጂ። ሴትዮዋን አነጋግሬአታለሁ፤ ዓይንሽን ማየት አልፈልግም ብላለች» አለኝ። አመንኩት። የሰዎቹን ፊት በዓይኔ አይቼ የለም እንዴ? ደፍረሽ መሄድ ነበረብሽ የሚሉኝ አሉ። ቀላል ነው ለአውሪ። እናት ያልኳት ሰው ዓይንሽን አልይ ብላለች ተብሎ የተነገረው ሰው እንዴት ነው የሚደፍረው? የሆቴሉ የኋላ ክፍል ነበር የማድረው፤ ከግቢ አልወጣሁም፣ ገበያም ዘነበችን እልክ ነበር። ትምህርቱ ሲዘጋ የአማ ባል ሥራውን ጨርሶ ወደ አገራቸው ገቡ ተባለ። የአማኑ ቤት ነገር በዚያው ቀረ።

ከዚያ ያለው የሥራ ዘመኔ ረጅም ነው፣ ግን የሚወራ የለውም። ቶረን መሥራቴን አልተውኩም። ተካልኝ «የህንድ አልጫ» ብሎ ሰየመው፤ አልጫ የት ያውቃል ኮኮናት? ቀጥሎ የመጣ ሥራ አስኪያጅ ደንበኛ ጥሬ ይላል ብሎ ውሃ እንድጨምር አዘዘ። እምቢ ስል ለሌላ ወጥ ሠሪ ሰጠው። ኮኮናቱ ውድ ነው ተባለና ኬክ ላይ የሚነሰነሰው፣ ስኳር ያለው ደረቅ ኮኮናት መጣ። በመጨረሻ እሱም ቀረ። ዛሬ በዚያ ሆቴል «የህንድ አልጫ» ብላችሁ ብታዙ የሚመጣላችሁ እትዬ ሙሉነሽ ማሻ ላይ የሚቀቅሉት ጎመን በካሮት ነው፤ ህንድ የሚለው ቃል ብቻ ተርፎለታል። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል፤ አዲስ የመጣ አስተናጋጅ ሁሉ የመጀመሪያ ቀን የሚማረው የእኔን በግ ነበር። «እትዬ ብርቄ፣ ዛሬ እርድ የለም?» እያለ ያልፋል። እኔም እስቃለሁ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል የሚሉት ይሄንን ነው።

አሁን ወደ ስንብቴ ልመለስ። ያን ዕለት ሲቀርጹ የነበሩት ልጆች በጉ ሲገባ የሚያሳየውን ቪዲዮ ለቀቁት። ከዚህ ሰው ወደዚያ ሰው ሲል ቀድሞ እዚህ ያስተማረ አንድ መምህር ጋ ደረሰ፤ እሱ ለአማ ልጅ ላከላት። አንድ ከሰዓት በኋላ ስልኬ ጮኸ፣ ሳነሣው ፊት መጣ። ፀጉሯ ሙሉ በሙሉ ነጥቷል። አምባሮቿ ግን እነዚያው ናቸው።

«ብርቄ» አለችኝ። «በግ ለምን?»

ማልቀስ ጀመርኩ። ያን ቀን በሩ ላይ አልወጣ ያለኝ ቃል ሁሉ አሁን ተግተልትሎ ወጣ። በጉን እኔ አላዘዝኩም፣ እርድ ነው ያልኩት፣ ቢጫውን ነው ያልኩት፣ እርጥቡን ነው ያልኩት። አማ እጇን አነሣች፤ ወጥ ቤት ውስጥ ተዪው ስትለኝ እንደምታነሣው።

«አውቃለሁ» አለች። «በነጋታው ተካልኝ ቤቴ መጣች። ብርቄ እርድ አለች፣ እርድ አለች አለች። እኔ አዎ አልኩ። እርድ ቢጫ። አንቺ አስተማርሽኝ። ሌላ እርድ አላውቅም። ሙቀጫ ውስጥ እርድ አለ፣ አወጣሁ፣ አሳየሁ። ይሄ ነው እርድ፣ ብርቄ ልክ ናት አልኩ።»

«እሱስ ምን አለ?»

«ተካልኝ እርድ አየች። ከዚያ ብርቄ አፈረች፣ ጌጫ ሄደች፣ አትመጣም አለች። እኔ ሆቴል መጣሁ። በር ላይ ተካልኝ፣ የለችም አለች። ቤት ተከራየሁ ብርቄ። ምድጃ ሠራሁ። ጠበቅሁ።»

ተካልኝን አሁንም በሴት ነው የምትጠራው። ብስቅ ደስ ባለኝ፣ ግን ሳቅ አልመጣልኝም። ሰውየው ያወቀው ያኔ ነው። እርዱን በዓይኑ አይቶታል። ዓይንሽን አልይ ብላለች ያለኝ ደግሞ ከእሷ ቤት ሲመለስ ነው። ከዚያ በኋላ ያንን ቀልድ ያወራው ሁሉ፣ በማይክራፎን ያወራውም፣ ሪባን ያሰረውም፣ እያወቀ ነው።

በማግስቱ ሆቴሉ ሄድኩ። ተካልኝ በረንዳው ላይ ነበር፤ እሱም አርጅቷል፣ ከዘራ ይዟል። ወንበር ሳበልኝ፣ ሻይ አዘዘልኝ።

«ጋሼ፣ አማ ደውላልኝ ነበር።»

«የቷ አማ?»

«ሳሮጃ። ነይ ትልዎት የነበረችው።»

ማንኪያውን ብርጭቆው ውስጥ ተወው። «ደህና ናት?» አለ።

«ደህና ናት። እርዱን አሳይቼዋለሁ አለችኝ።»

መንገዱን ማየት ጀመረ። ቡና የጫነ አይሱዙ እያቃሰተ ሲያልፍ ሰላምታ የሚሰጠው ሰው ያለ ይመስል እጁን አነሣ። «ብርቄ፣ ያረጀ ነገር ነው። ሰው ትንሽ ሳቀ እንጂ ምን ጎደለብሽ?»

«እናቴ ጎደለችብኝ። ቤቴ ጎደለብኝ። አሁን የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ በማይክራፎን ያሉትን በማይክራፎን ይመልሱልኝ። እዚያው አዳራሽ፣ እዚያው ሰው ፊት።»

«አሁን ማን ያስታውሰዋል? እኔንም በስተርጅና መሳቂያ ልታደርጊኝ ነው?»

«እኔን ሲያደርጉኝ ኖረዋል።»

ሻዩን ፉት አለ። እንደማይናገርልኝ ገባኝ፤ ይህን ጽሑፍ የጀመርኩትም ከዚያ ስመለስ ነው። ልነሣ ስል ግን ክንዴን ያዘኝና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እውነቱን ልንገርሽ?» አለኝ። «ያን ጊዜ ከሴትዮዋ ጋር ሄደሽ ቢሆን ኖሮ ይሄ ሆቴል በዓመቱ ይዘጋ ነበር። ሰው ለእኔ ብሎ የሚመጣ ይመስልሻል? ለእጅሽ ነው የሚመጣው። እሱን አውቅ ነበር። ምን ላድርግ?»

እዚያ ወጥ ቤት ውስጥ ካረጀሁት ዘመን ሁሉ ከዚህ ሰው አፍ የሰማሁት ምስጋና ይህ አንድ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ጅል ነኝና፣ ለአንድ አፍታ ደስ አለኝ። ከሁሉም ይልቅ እስከ አሁን የሚያበግነኝ ይሄ ነው።